ከዕዳ ሰብሳቢው ጋር የተቆራኘሁበት ቀን

ዕዳ አለብዎት የተባልሁት መጀመሪያ በስልክ ነው። ዳባት፣ ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ሰው ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «የብድርዎ ጊዜ አልፏል፤ መቼ ነው የሚከፍሉት?» አለኝ።

«የምን ብድር?»

«የወሰዱት ነዋ፣ እማማ።»

«እኔ የጎረቤት ወንፊት እንኳ ተውሼ አላሳድርም። ሰው ተሳስተሃል» ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ደወለ። በሳምንቱም ደወለ። በኋላማ ስልኩ ሲጮህ ገና ሳላዳምጥ፣ «አልተበደርሁም አልኩህ!» ብዬ ጮኽሁ። ደዋዩ ግን የገዛ ልጄ ነበር። «እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ ደንግጦ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጓሮዬ ያለችውን አንዷን ክፍል ከበየዳ ለመጣች ሴት አከራይቻት ነበር። ድንች ቀቅላ በአዋዜ ለተማሪ የምትሸጥ፣ እኔን ቀድማ የምትነሣ ሴት ናት። ሥራዋን ላስፋ ብላ ደባርቅ ካለ አንድ የብድር ቢሮ ገንዘብ ወሰደች። ስልክ ስላልነበራት የእኔን ቁጥር ሰጠቻቸው፤ አድራሻዋም የእኔ የቤት ቁጥር ሆነ። ሁለቱንም ነግራኛለች፤ ክፋት አላየሁበትም። ከዚያ ድንች ተወደደ፣ ትምህርት ቤቱም ለወራት ተዘጋ። አንድ ጠዋት የወሩን ኪራይ ከመስኮቱ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ወዴት እንደሄደች እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ሁሉ ለደዋዩ አንድ በአንድ ነገርሁት። «እሺ እማማ፣ እናየዋለን» አለኝ። የሚያየው መስሎኝ ዝም አልሁ።

ሐሙስ ዕለት ራሱ መጣ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ቆሞ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ስሜ ከነአባቴ ከነአያቴ ተጽፎበታል። እንደ ነገረኝ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሰው በደጀ ሰላሙ ማስታወቂያ ሲናገር ብድር ያልመለሱ ሰዎች ስም ይነበባል፤ የእኔም ከእነርሱ ጋር አለ።

«እስከ ቅዳሜ ከከፈሉ ግን ይሰረዛል» አለኝ፣ ውለታ እንደሚውልልኝ ሁሉ።

እዚያ ደጀ ሰላም ልጆቼን ሁሉ ክርስትና አስነሥቻለሁ። ባሌንም የሸኘሁት ከዚያ ነው። ፊደል የቆጠርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ቢሆንም፣ ጎረቤት በወሰን ሲጣላ «እስቲ እሷ ያየችውን ትናገር» እየተባልሁ የምጠራ ሰው ነኝ። ያ ስም በዚያ ወረቀት ከተነበበ፣ ከዚያ በኋላ ያየሁትን ማን ይጠይቀኛል? ገንዘቡን ልጆቼ ተዋጥተው ሊከፍሉልኝ ይችሉ ነበር። ያልወሰድሁትን ከከፈልሁ ግን ወስጃለሁ ማለቴ ነው።

ያን ጊዜ አያቴ ትዝ አሉኝ።

አያቴ የጊች ሰው ነበሩ። ልጅ ሳለሁ አንድ የቆላ ሰው ወደ ቤታችን ወጥቶ፣ «በቅሎዬን ወስደህ ዋጋዋን አስቀርተሃል» አላቸው። አያቴ በቅሎ አልገዙም። ሰውየው ግን ገብስ አራሽ፣ ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ፣ ቤቱ ከገደሉ አፋፍ የሆነ ተብሎ ተጠቁሞ ነው የመጣው፤ በእኛ አገር ይህ ምልክት የማይገጥመው ሽማግሌ የለም። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው፣ ዳኛ ፊት እስኪቆሙ ድረስ ሳይለያዩ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። በአዋጅ ቀርቷል ይባል ነበር፤ አዋጁ ግን ገና የእኛን ዳገት አልወጣም። ጋቢና ጋቢያቸውን ቋጠሩና ወደ ደባርቅ ወረዱ። እኔ ቆሎና ውኃ ይዤ ከኋላቸው ነበርሁ።

መንገዱን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። አንዱ ሲቆም ሌላው ይቆማል። አንዱ እሾህ ሲወጋው ሌላው ጎንበስ ብሎ ይነቅልለታል። ገና ከግማሽ ሳይደርሱ ሰውየው ስለ በቅሎዋ ማውራት ጀመረ። ስትሄድ እንዴት እንደምትረግጥ፣ ልጁን ወደ ሐኪም ያደረሰችለት እሷ እንደነበረች ተረከ። አያቴም ስለ ሞተው በሬያቸው አወሩለት። ቆሎውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ይቀባበሉ ነበር። ደባርቅ ስንደርስ ሰውየው ዳኛው ደጃፍ ቆመና አያቴን ትኩር ብሎ አያቸው። «አንተ አይደለህም» አለ። «እንዴት አወቅህ?» ቢሉት፣ «ቀኑን ሙሉ አብሬህ ውዬ!» አላቸው። ቋጠሮውን ራሱ ፈትቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ለጥምቀት አንድ ቅል ማር ይልክልን ነበር። እኛ ልጆቹ ማሩ ሲመጣ፣ የከሳሹ ማር መጣ እንል ነበር።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በልቤ መጣ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጥፎ ሊሄድ ሲል የነጠላዬን ጫፍ ይዤ ከጃኬቱ ጫፍ ጋር ግጥም አድርጌ ቋጠርሁት።

«በሕግ አምላክ! ከዚህ አትነቃነቅም። ከሰስኸኝ አይደል? በል፣ አብረን ወደ ዳኛ።»

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሌላም ቤት አለብኝ!»

«ሌላውንም ቤት እንዲህ ልታደርግ ነው? እንኳን አሰርሁህ።»

ጎረቤት ወጣ። ከማዶ ያሉት ጡረተኛ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተደግፈው ሲያዩን ከቆዩ በኋላ ሳቃቸው መጣ። «ኧረ ይህን ነገር ሳላየው ልሞት ነበር! አንተ ሰው፣ ጃኬትህን አውልቀህ እንዳትሸሽ፤ ነውር ነው» አሉት። እውነትም አውልቆ መሄድ ይችል ነበር። አላወለቀም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእኔም አባት ስለ ቁራኛ ይነግረኝ ነበር» አለኝ። የያዘው የእኔ ቋጠሮ ሳይሆን አስተዳደጉ ነው።

ያልታጠበውን ድስትና ክፍቱን ቤት ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ ቆሎ በመቀነቴ ቋጠርሁና ወደ መናኸሪያው ሄድን። ሚኒባሱ ላይ እንዴት እንደምንወጣ ጨነቀን፤ እሱ ቀድሞ ወጥቶ እጄን ይዞ ሳበኝ። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየንና፣

«እማማ፣ ሙሽራውን ከየት አገኙት?» አለ።

«ሙሽራ ቢሆን እንዲህ ጠውልጎ ይመጣል?» አልሁት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላችን የተቀመጠች፣ ሽንኩርት የጫነች ሴት፣ «የታሰሩ ሰዎች የሁለት ሰው ይከፍላሉ ወይስ የአንድ?» ብላ ጠየቀች። ሰብሳቢው የሁለታችንንም ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ያዝሁት።

«የራሴን እኔ እከፍላለሁ። የማንንም አልከፍልም፣ የእኔንም ማንም አይከፍልልኝም። ነገሩ ሁሉ እኮ ይኸው ነው!»

ወቀን ስናልፍ ቆሎ ዘገንሁለት። እንቢ ሊል ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ግን ምንም እንዳልበላ ከንፈሩ ይናገራል። ተቀበለኝ። አንዲት አንዲት እያለ ቆረጠመ፣ ከዚያ በጭብጥ ቆረጠመ። ያኔ ነው የተናገረው።

«እማማ፣ ስሙን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«ገና ሳልደውል ቤትዎ ስመጣ ሴትዮዋ የለችም። ፎርሙ ደግሞ ባዶ አይቀበልም፤ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይላል። ከዛሪማ እስከ ዳባት ያለው ሁሉ በእኔ ነው። ያልዘጋሁት ሰነድ ሲበዛ ከደመወዜ ይቀነሳል። የግብር መዝገቡን አየሁና የቤቱን ባለቤት ስም ጻፍሁ።»

«ደጄ ድረስ ከመጣህ አትጠራኝም ነበር?»

«ገበያ ሄደዋል አሉኝ።»

«ታዲያ እኔ ከገበያ እስክመለስ መጠበቅ አቃተህ?»

ተናድጄ ቆሎውን ልነጥቀው ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ግን ሳየው የመነጽሩ ክንድ በክር ታስሮአል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ተገልብጦ ተሰፍቷል። ይህን ደጄ ላይ ቆሞ ሲያነብብኝ አላየሁትም። ቆሎውን ተውሁለት። ይቅርታ ግን ገና አላደረግሁለትም።

ቢሮው ስንገባ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። ሥራ አስኪያጇ ወጣት ናት፤ ቁልቁል ቋጠሮውን አየች፣ ቀና ብላ ሰብሳቢውን አየችው።

«ምንድን ነው ይሄ ድራማ?»

«ድራማ አይደለም፣ ልጄ። ይህ ሰው ከስሶኛል። ዳኛ ፊት አምጥቼዋለሁ፤ ዳኛዋ አንቺ ነሽ» አልኋት።

ኮምፒዩተሯን ነካካች። የተከራዬ ፎቶግራፍ ወጣ፤ በሻሽዋ፣ በዚያ ዓይን አፋር ፈገግታዋ። ከሥር ደግሞ የእኔ ስም።

«ስህተት ሊኖር ይችላል፣ እማማ። ግን ሲስተሙ አሁን አይፈቅድም። አፕዴት የሚደረገው በወሩ መጨረሻ ነው።»

«እሑድ ነው የሚነበበው!»

«ሲስተሙ ነው እንጂ እኔ...»

«እንግዲያው ሲስተም የምትዪውን ጥሪልኝ። የነጠላዬ ሌላው ጫፍ ባዶ ነው፤ እሱንም እቋጥረዋለሁ።»

ከወረፋው አንዱ ጮክ ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷ ቀላ። እኔም መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ሰብሳቢውም ግድ ሆኖበት አጠገቤ ቁጭ አለ። የምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። ሰው እየዘለለን ይገባል፣ እየዘለለን ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ጉልበቴን አሞኝ ነበር፣ አፍሬም ነበር፤ አንዲት ሴት የአእምሮ ሕመምተኛ መስያት ከንፈሯን መጠጠችልኝ። የምነሣ ግን አልነበርሁም።

ያነሣን እሱ ነው። ድንገት ቀና ብሎ፣ «ስህተቱ የሲስተሙ አይደለም፤ የእኔ ነው። ሳላጣራ የጻፍሁት እኔ ነኝ። በጽሑፍ አምናለሁ» አላት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ከደመወዙ እንደሚቀነስ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጇ ደብዳቤ ጻፈች፣ ማኅተም መታችበት፣ ለቀበሌው በስልክ ነገረች። ቋጠሮውን ስፈታው ጠብቆ ስለነበር በጥርሴ ነው የፈታሁት። ያን ጊዜ ነው ይቅርታ ያደረግሁለት። መነጽሩን አውልቆ ጉልበቴን ሳመኝ። በዚህ ዘመን ይህን የሚያውቅ ሰው ማግኘቴ ራሱ ዓይኔን በእንባ ሞላው።

ዛሬ ሰው ከሰውየው ፊት ሳይቆም ነው የሚከስሰው። በስልክ ይከስስሃል፣ በወረቀት ይፈርድብሃል፤ እሾህህን ሳይነቅልልህ፣ ቆሎህን ሳይቀምስልህ። የአያቴን ዘመን ችጋርና ቅማል ማንም አይመልስብኝ። ያንን አብሮ መሄድ ግን ይናፍቀኛል።

እሑድ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ከሴቶቹ ጋር ከዋርካው ሥር ቆምሁ። የቀበሌው ሰው ወረቀቱን ዘረጋ። አንድ ስም፣ ሁለት ስም አነበበ። የእኔ ስም ግን አልተነበበም። በቦታው የተከራዬ ስም ተነበበ፣ «ያለችበት የማይታወቅ» ተብሎ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከኋላዬ ግን አንዲት ሴት፣ «ሌባ! እኔስ ድሮም ዓይኗ አላማረኝም» አለች። ድንቿን በዱቤ ስትበላ የኖረች ሴት ናት።

ሳላስበው ወደ ፊት ወጣሁ።

«ያነበብሃት ሴት እዚህ አለች?»

«የለችም፣ እማማ» አለ የቀበሌው ሰው።

«ታዲያ ስሟን ለማን ነው የምታነብበው?»

ቄሱ እጃቸውን አነሡ። «እመቤት፣ የአንቺ ጉዳይ እኮ አለቀ፤ ደብዳቤሽ ደርሷል።»

«የእኔ አለቀ፣ አባ። የእሷ ግን አልተጀመረም። ያለባትን አትክፈል አላልሁም። ቆማ በማትመልስበት ቦታ ግን አትከሰስ። የሚከስሳት ሰው ይፈልጋት፣ ያግኛት፣ አጠገቧ ይቁም።»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ወደ ቀበሌው ሰው ዞረው፣ «ያልመጣን ሰው ስም በዚህ ደጅ አታንብብ፤ የመጡትንም ለብቻቸው ጠርተህ ንገራቸው» አሉት። እሱም አጉረምርሞ ወረቀቱን አጠፈ። ብዙ ስም ሳይነበብ ቀረ። የማን የማን እንደነበረ አላውቅም፤ ሲወጡ ግን ሦስት ሰዎች ቃል ሳይናገሩ ትከሻዬን ነክተው አለፉ።

ክፍሏን ለሌላ ሰው አላከራየሁም። ሰብሳቢው አንዳንዴ ይደውላል፤ አሁን በመጀመሪያ ጤናዬን ነው የሚጠይቀው፣ ከዚያ «መጣች?» ይላል። «አልመጣችም» እለዋለሁ፤ እውነቴን ነው። የመጣች ቀን እነግረዋለሁ፤ ለእሷም እንደምነግረው እነግራታለሁ። ሁለቱንም ደጄ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ፤ የሁለቱንም ቃል እሰማለሁ።