ጀሮም የለካው ግድግዳ

ሎሬታ ቡዲሽ ባሏ ጀሮም በሞተ በዓመቱ፣ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ሰሞን፣ ከመሬት በታች ያለውን ምድር ቤቷን ለማሳደስ ቆረጠች። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስቱን ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች፤ በሚልዋኪ ደቡብ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ያን የሚያህል ቢጫ መኪና አንድ ቀን እንኳ ሳታጋጭ አዙራለች። ሰውነቷ ቀጭን ነው፣ ድምጿ ግን ሌላ ነው። ኋላ ወንበር ላይ የሚደባደቡ ልጆችን በመስታወቱ እያየች አንዲት ቃል ስትናገር አውቶቡሱ ጭጭ ይላል።

ለዚህ ነገር ያነሳሳት ወንድሟ ኖርበርት ነው። ኖርበርት ከቆዳ ፋብሪካ በበያጅነት ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን ቀብሮ በኪራይ ቤት ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። ያከራየው ሰው ሕንፃውን ሸጠና በሁለት ወር ውስጥ ልቀቅ አለው።

"ምን ችግር አለ፣ እኔ ጋ ና፤" አለችው ሎሬታ። "ምድር ቤቱ ባዶውን ነው ያለው። መኝታና መታጠቢያ እናወጣለታለን።"

"ጀሮም ከመቃብር ተነስቶ ያንቀኛል፤" አላት ኖርበርት እየሳቀ።

ቀልድ ብቻ አልነበረም። ምድር ቤቱ የጀሮም ግዛት ነበር። ቤቱን በገዙ በጥቂት ዓመት ውስጥ ግድግዳውን ዙሪያውን በጠቆረ ኮምፔንሳቶ አልብሶ፣ የመጠጥ ባንኮኒ ሠርቶ፣ ቴሌቪዥን አስገብቶ፣ እሁድ እሁድ ጓደኞቹን ሰብስቦ ኳስ የሚያይበት ቦታ አደረገው። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ሁሉንም ያወጣል። ሰክሮ መንዳት ያቃተው እንኳ ቢኖር ላይ ሳሎን ሶፋው ላይ ያስተኛዋል እንጂ እዚያ አያሳድረውም። ልጃቸው ሮዛን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት "ክፍሌ ታች ይሁንልኝ" ብላ ለመነች፣ አለቀሰች፣ በር ደበደበች። "ምድር ቤት የሰው መኝታ አይደለም" አለና ዘጋው። ሦስት ሳምንት አላነጋገረችውም።

ሌላም ነገር ነበረው። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥና ትምህርት ቤት ለሳምንት ሲዘጋ፣ እናትና ልጅን ሰሜን አገር የሎሬታ እህት ዘንድ ይልካቸዋል። "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ሥራ አለብኝ" ይላል። ሎሬታ ብቻውን ሆኖ መጠጣት አምሮት ነው ብላ ደመደመች። ጠይቃው አታውቅም። ቅር እንዳላት ዓመት ዓመትን ወለደ።

ከሁሉ በፊት ወደ ምድር ቤቱ የሚሰርገው ውሃ መገታት ነበረበትና ኤርቪን ሹልታይስ ዘንድ ደወለች። ኤርቪን አርባ ዓመት ሙሉ ውሃ ከሰው ምድር ቤት ሲያስወጣ የኖረ፣ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ነው። እሱና ሎሬታ የአንድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ በጾም ዓርብ አዳራሹ ውስጥ ዓሣ የሚጠብሰው እሱ ነው።

"የማንን ምድር ቤት ነው ያልሽኝ?" አለ በስልኩ።

"የኔን ነዋ! የማንን ኖሯል?"

"እንግዲያው የግድግዳውን ልባስ አንሱትና ልየው። ግድግዳውን ሳላይ ቀለም አልቀባም፣ ቱቦም አልቀብርም። በተለይ የሰሜኑን።"

"ሰሜኑን በተለይ ለምን?"

"የመኪና መግቢያሽ በዚያ በኩል አይደል፤" አለና ስልኩን ዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድምና እህት መዶሻና መንቀያ ይዘው ወረዱ። ኖርበርት ገና ሳይታደስ ዕቃውን አምጥቶ ደረጃው ሥር ከምሮት ስለነበር ባንኮኒው ጋ ለመድረስ በካርቶኖች መሃል መሽሎክ ነበረባቸው። የመጀመሪያው ኮምፔንሳቶ ሲነቀል የተዳፈነ ሽታ አፍንጫቸውን መታው። የረጠበ ወረቀት፣ የዛገ ብረት፣ ከዚያም በታች ስም ያልሰጡት ሌላ ሽታ። ብሎኬቱ ላይ ነጭ ጨው ወጥቶበታል። እንደ ክንድ የሚረዝም ስንጥቅ በወገብ ቁመት ወደ ባንኮኒው ይጓዛል።

"ይቺማ በሲሚንቶ ትደፈናለች፤" አለ ኖርበርት።

ስንጥቁን ተከትለው ሄዱ። በሄዱ ቁጥር እየሰፋ መጣ። ባንኮኒው ኋላ ያለው ኮምፔንሳቶ ግን እንደ ሌሎቹ በምስማር አልተመታም፤ በሁለት ብሎን ብቻ ነው የተያዘው። የብሎኖቹ ራስ በተደጋጋሚ ከመፈታት የተነሳ ያብረቀርቃል። ሎሬታ በእጇ አዞረቻቸው፤ ወዲያው ተፈቱ።

ከጣሪያው እንጨት ላይ አንድ ምስማር ተመትቷል፤ ከምስማሩ ክር፣ ከክሩ ጫፍ ከባድ ብረት ተንጠልጥሏል። ግንበኛ የግድግዳን ቀጥ ማለት የሚለካበት ቱንቢ ነው። ግድግዳው መሃሉ ላይ ሆዱን ገፍቶ ወጥቶ ክሩን ነክቶታል። ከጎኑ፣ ብሎኬቱ ላይ፣ በጀሮም የተጨማደደ ጽሑፍ፣ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተጽፏል።

ማርች 1993፣ ግማሽ ኢንች። ማርች 1994፣ ከግማሽ ኢንች ትንሽ ከፍ ያለ። እያለ ይወርዳል። አንድም ዓመት አልዘለለም። የመጨረሻው መስመር፦ ፌብሩዋሪ 2018፣ ሁለት ከሩብ።

ሎሬታ ቀኑን በልቧ አሰላችው። ጀሮም ልቡ ቆሞ ከመሞቱ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ያኔ ከአልጋ ወደ ወጥ ቤት ለመሄድ እንኳ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚራመደው። አሥራ ሁለቱን ደረጃ መቼ ወረደው? እሷ አውቶቡስ ላይ ሳለች መሆን አለበት።

"ይሄ ሰውዬ የማይለካው ነገር አልነበረም፤" አለ ኖርበርት ሊያቀለው ፈልጎ። "ዓሣ አጥምዶ እንኳ ለክቶ ነበር የሚበላው።"

እሷ አልሳቀችም። የታየቻት ሮዛን ነበረች፣ በር እየደበደበች ስታለቅስ። ቀጥሎ በየመጋቢቱ የሚዘጋጀው ሻንጣ ታያት። የተሰማት ግን ምስጋና ሳይሆን ንዴት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ከዚህ ግድግዳ በላይ ወጥ ሠርቻለሁ። ከዚህ ግድግዳ በላይ ልጄን አስተኝቻለሁ።

ኤርቪን ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ። ደረጃውን እየቀለደ ወረደ፤ ግድግዳውን ሲያይ ቀልዱን አቋረጠ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በኋላ አረማመዱ ተለወጠ፤ የተኛ ሕፃን ያለበት ክፍል ውስጥ እንደገባ ሰው እግሩን እያሳረፈ ተጠጋ። ውሃ ልኩን አስደገፈ፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ የታችኛውን ረድፍ ብሎኬት በጣቱ ዳበሰ።

"ላይ ወጥተን እናውራ፤" አለ በሹክሹክታ።

"እዚሁ ይንገሩኛ።"

"ላይ፣ ሎሬታ። አንተም ና፣ ኖርበርት።"

ወጥ ቤት ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። "ሦስት ኢንች ደርሷል፤" አለ ኤርቪን። "ሃያ አምስት ዓመት ቀስ ብሎ ሲመጣ የነበረው አሁን ተጣድፏል። ውጭ ያለው ዋልካ አፈር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ውርጭ ሲመታው ይገፋል። አሸንዳሽም ውሃውን የሚደፋው እዚያው ጥግ ላይ ነው። የውሃ መከላከያው ይቆይ፤ አሁን ሌላ ጣጣ ነው ያለብን። ሐሙስ የብረት ምሰሶ አምጥቼ እደግፈዋለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይወርድ።"

"ዕቃዬስ?" አለ ኖርበርት።

"ዕቃህ እግር የለውም፣ የትም አይሄድብህም።"

ሎሬታ ትኩር ብላ ታየው ነበር። "ሰሜኑ መሆኑን ያውቁ ነበር።"

ኤርቪን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ። "በዘጠና ሦስት ጀሮም ጠርቶ አሳይቶኝ ነበር። የመኪና መግቢያው ተቆፍሮ ግድግዳው ከውጭ ይሠራ አልኩት። ይሠራበት የነበረው የብረት ማቅለጫ ተዘግቶ ሥራ የፈታበት ዓመት ነው። 'ለከርሞ በጋ' አለኝ። ለከርሞም እንዲሁ አለ። ለሎሬታ እንዳትነግራት፣ እንቅልፍ ታጣለች አለኝ።"

"አንተስ?" አለችው ሎሬታ፣ አንቱታውን ትታ።

"እኔም... ዝም አልኩ።"

"ስንት ዓርብ ነው ዓሣ ያቀበልከኝ?" አለች ሎሬታ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፣ ኖርበርት ግን ቀና ብሎ አያት፤ ልጅ ሳሉ እናታቸው ከመምታቷ በፊት የምትናገርበት ድምፅ ነው። "ስንት ዓርብ፣ እጄን ጨብጠህ፣ 'ቤተሰብ እንዴት ነው' ያልከኝ?"

ኤርቪን ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ማክሰኞ ሞቀ። ጣሪያው ላይ የከረመው በረዶ ቀኑን ሙሉ ሲንጠባጠብ ዋለ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ዝናብ ጀመረ፤ ከሥር ገና በረዶ በሆነ መሬት ላይ የሚወርድ፣ መግቢያ ያጣ ዝናብ። ሎሬታ ከመውጣቷ በፊት የምድር ቤቱን በር ዘግታ ወንበር አስደገፈችበት። ኖርበርት ያለፈውን ሌሊት ሶፋው ላይ አድሮ ነበር። "እንዳትወርድ" አለችው። "እሺ እመቤቴ" አላት፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ወታደር።

ልጆቹን ስትጭን፣ ስታወርድ፣ በየመታጠፊያው ጎማውን የሚውጠውን ጎርፍ ስታይ ሐሳቧ ቤት ነበር። የመጨረሻውን ልጅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አውርዳ፣ አውቶቡሱን መልሳ፣ በገዛ መኪናዋ ቤቷ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የመኪና መግቢያው ሲሚንቶ በግድግዳው በኩል ሰምጧል። ጠዋት እንዲህ አልነበረም። ውሃው ተሰብስቦ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ እየተሽከረከረ ይገባል።

ወጥ ቤት ስትገባ ወንበሩ ከቦታው ተነስቷል። የምድር ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መብራቱ በርቷል።

"ኖርበርት!"

"መጣሁ፣ መጣሁ!" አላት ከታች። "ደረቅ እኮ ነው! ጥግ ላይ ትንሽ ውሃ ናት ያለችው። የሔለንን ፎቶዎች ብቻ ላውጣ!" ሔለን የሞተችው ሚስቱ ናት።

ያኔ ሎሬታ ሰማችው። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፣ ግን ረዥም፣ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው የሚሄድ። ኖርበርት ካርቶኑን እንዳቀፈ ግድግዳውን ለማየት ዞሮ ቆመ።

"ኖርበርት ቡኮስኪ! አሁኑኑ!"

በአውቶቡሱ ድምፅ ነው የጮኸችው። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ልጅ ደንግጦ ሮጠ። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግድግዳው መሃል ለመሃል ተከፈተ። መጀመሪያ ብሎኬቱ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭቃ፣ ከጭቃው ጋር የመግቢያው ሲሚንቶ ገባ። ባንኮኒው እንደ ክብሪት ቀፎ ተገፍቶ ደረጃውን መታው፤ ደረጃው ከሥሩ ተነቀለ። ሎሬታ በደረቷ ወለሉ ላይ ተኝታ የወንድሟን ኮሌታ ያዘች። አንድ እግሩ እንጨቱ መሃል ተቀርቅሮ ነበር። ካርቶኑን አለቀቀም።

"ጣለው!"

"ሔለን—"

"ሔለን የለችም! ጣለው!"

ጣለው። በሁለት እጁ የበሩን መቃን ያዘ፣ እሷ ጎተተች፣ ቁርጭምጭሚቱ ሲሰበር ሁለቱም ሰሙት። እየተጎተተ ወጣ። የጋዝ ሽታ መጣ። ወለሉ ከእግሯ በታች ወደ ሰሜን ዘመም ሲል ተሰማት፤ ትከሻው ሥር ገብታ በዝናቡ ውስጥ መንገዱን አሻግራ አወጣችው።

ኤርቪን ከእሳት አደጋ ሰዎች ቀጥሎ ደረሰ። ማን እንደነገረው አልታወቀም። ጋዙ ሲዘጋ፣ መግባት ሲፈቅዱለት፣ በጭነት መኪናው ያመጣውን ምሰሶና ክሪክ ይዞ በደቡብ መስኮት ገባና ቤቱን ከሥር ደግፎ ያዘው። እስኪመሽ እዚያው ጭቃ ውስጥ ነበር። ሎሬታ ከሆስፒታል ስትመለስ ቤቷ ቆሞ አገኘችው። አላመሰገነችውም። ሾርባ አሙቃ በጎረቤት በረንዳ ላይ ሰጠችው፤ ቆሞ ጠጣ።

በበጋው መግቢያው ተቆፈረ፣ ግድግዳው ከመሠረቱ በፌሮና በሙሌት እንደ አዲስ ተገነባ፣ ከውጭ ጥቁር ቅባት ተቀባ፣ ጠጠርና ቱቦ ተቀበረ። የኤርቪን የመጨረሻ ሥራ ነበር። ምድር ቤቱ ግን አልታደሰም፤ ኖርበርት በምርኩዝ እየሄደ የሮዛንን የድሮ ክፍል ያዘ። ሎሬታ ለሮዛን በስልክ ሁሉንም ስትነግራት ልጅቷ "ለምን አልነገረንም?" አለች። "እኔ እንጃ ልጄ፤" አለች ሎሬታ። "በጣም ነው የተናደድኩበት። በጣምም ነው የናፈቀኝ።"

ከማዶ ያለው ቤት የሎሬታ ቤት በተሠራበት ዓመት፣ በዚያው ግንበኛ እጅ የተሠራ ነው። ሻነን የምትባል ነርስና ባሏ ከገቡበት ሁለት ዓመታቸው ነው። ሎሬታ መስከረም ላይ መንገዱን ተሻግራ በሩን አንኳኳች።

"የምድር ቤታችሁን የሰሜን ግድግዳ አይታችሁት ታውቃላችሁ?"

"ኧረ አሁን ነው ያሳመርነው!" አለች ሻነን ፈገግ ብላ። "ነጭ ልባስ አልብሰን ለሕፃኑ ክፍል አወጣንለት። እንዴት እንደሚያምር!"

"ልባሱን አንሺና እዪው።"

ሻነን ፈገግታዋ ሳይጠፋ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በማግስቱ ሎሬታ ኤርቪንን ይዛ ተመልሳ ሄደች። በሩን የከፈተው ባልየው ነበር። ሁለቱን አዛውንቶች ተራ በተራ አያቸው።

"ሚስቴ ነግራኛለች፤" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግቡ እስቲ። የሕፃኑ ክፍል በር አልዘጋ ካለን ሁለት ሳምንት ሆነው።"