ያለ ዋስ መወሰን ክልክል ነው

መምህር እንኳየሁ ድብ ባሕርን አይወድም ነበር። ይህንንም የሚደብቅ ሰው አይደለም፤ ጠላ ቤት ገብቶ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሳይጨርስ ለሰሚው ሁሉ ይናገረዋል። ሙቀቱን አይወድም፣ ዝንቡን አይወድም፣ የገበያ ቀን የአህያውን ጩኸት አይወድም። ከሁሉ የባሰ ግን ልጆቹ «የኔታ» እያሉ ሲጠሩት ደሙ ይፈላል። የኔታ የሚባለው የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ እሱ ግን ከቄስ ትምህርት ቤት በሌሊት ሾልኮ የጠፋ፣ የመንግሥት መምህር የሆነ፣ ክራባት ያለው ሰው ነው። ክራባቱ አንድ ነው፤ እሱንም የሚያስረው ሹም ሲመጣ ብቻ ነው። ልጆቹ እንደሆኑ ክራባቱን ቢያዩም የኔታ፣ ባያዩም የኔታ።

የሚወደው ጎንደርን ነው። ጎንደር ስላችሁ አብያተ ክርስቲያናቱን እንዳይመስላችሁ፤ እነሱን በልጅነቱ ቆሞ ቆሞ ጠግቧቸዋል። እሱ የሚወደው ፒያሳን ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ቡና ቤት፣ ማኪያቶውን፣ ሲኒማውን፣ አመሻሹ ላይ ሰው ጫማውን አስጠርጎ ያለ አንዳች ጉዳይ ላይ ታች የሚልበትን አስፋልት ይወዳል። ጣሊያን ከወጣ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል። እንኳየሁ አባቱ አርበኛ ስለነበሩ ጣሊያንን ሲያነሱበት ይራገማል፤ ቡናው ላይ ሲደርስ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዚህስ ሰውየውን አላማውም ይላል።

በዚያ ዓመት ክረምት መምህራኑ ሁሉ ለኮርስ ጎንደር ተጠሩ። እንኳየሁ ሸሚዞቹን አሳጥቦ፣ ከተጠራበት ቀን ቀድሞ ገባ። ኮርሱን አብዛኛውን ተኝቶ ነው ያሳለፈው። አንድ ቀን ብቻ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አሠልጣኝ ጠረጴዛውን ሲደበድብ ደንግጦ ነቃ። ሰውየው፣ ልጅ በተገረፈ ቁጥር የሚማረው አርጩሜን መፍራት ብቻ ነው፤ ይልቅስ የሚመጣውን አስቦ፣ ግራ ቀኙን መዝኖ፣ ራሱ ወስኖ ለወሰነውም ራሱ ኃላፊ መሆንን መማር አለበት እያለ ነበር። ንግግሩ እንኳየሁን ደስ አለው። ለምን ደስ አለው ብትሉ፣ ክንዱን ሊያሳርፍለት ነዋ።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት አራተኛ ክፍል ፊት ቆመና፣ ከዛሬ ጀምሮ አርጩሜው ተሰቅሏል፣ የምታደርጉትን የምትወስኑ እናንተው ናችሁ ብሎ አወጀ። በማግስቱ ደወሉን ቢደውል የመጣ የለም። ደግሞ ደወለ። የመጣችው አንዲት ፍየል ናት። እንኳየሁ እየተሳደበ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። የሊማሊሞን ዳገት የሚወጡት የጭነት ማኪኖች እዚያ ጋ ሲደርሱ እያቃሰቱ ነው የሚሄዱት፤ የድብ ባሕር ልጆች ደግሞ ከኋላ እየተንጠለጠሉ መሳፈርን የመሰለ ጨዋታ የላቸውም። ሰጠኝ የሚባለውን ቀንደኛ ከአንዱ ማኪና ጅራት ላይ በእግሩ ጎትቶ አወረደውና፣ ምነው ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀራችሁ ብሎ ጠየቀው። ሰጠኝም አቧራውን እያራገፈ፣ «ወስነን ነው፣ የኔታ» አለው።

እንኳየሁ አርጩሜውን ከተሰቀለበት ሊያወርድ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ በየጠላ ቤቱ ስለ አዲሱ የትምህርት ዘዴው ሲጎርር ሰንብቷል፤ አሁን ቢያወርደው መሳቂያ መሆኑ ነው። ያን ቀን አመሻሹ ላይ ተክዞ ጠላውን ይዞ ቢቀመጥ አያ አለነ መጡ። አያ አለነ በዚያ አገር ሙግት የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያደንቃቸው ሙግተኛ ናቸው። የማንም ጎረቤት በሬ ድንበራቸውን ሳይነካ ከሰነበተ ይከፋቸዋል። የዚያን ቀኑን ችሎት ከሥር መሠረቱ ሲተርኩለት፣ ዳኛው «ዋስ ጥራ» ባሉት ጊዜ ባላጋራቸው ወደ ኋላው ዞሮ ቢያይ አንድም ሰው ዋስ ልሁን የሚለው እንዳጣ፣ ያኔውኑ ፊቱ አመድ መስሎ ነገሩን እንደተወው እየሳቁ ነገሩት። እንኳየሁ ጠላውን አስቀመጠ።

በማግስቱ ደንቡን አወጣ። ማንም ልጅ እንደፈለገ መወሰን ይችላል፤ ዋስ ግን መጥራት አለበት። ዋሱ ከዚያው ክፍል ይሆናል። ወሳኙ ያለው ነገር ሳይሆን ቢቀር፣ ወይም ሲያጠፋ ቢገኝ፣ ወይም ጉዳት ደርሶበት ቢተኛ፣ እሱ የተወውን ሥራ ዋሱ ይሠራል። ዋስ ያጣ ሐሳቡን ይተዋል። ይኸው ነው። ልጆቹ አንድ ጊዜ ነግሯቸው ገባቸው፤ የማን ልጆች ሆነውና።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሰጠኝ ነበር። ማኪና ላይ ሊንጠለጠል ወስኗል፣ ዋስ ይፈልጋል። ረፋዱን ሙሉ ከልጅ ልጅ ሲዞር ዋለ፤ ኪሱ ያለውን ሽምብራ ቆሎ ለመማለጃ አቀረበ። ቆሎውን በሉለት፣ ዋስ ግን አንሆንም አሉት። እግርህ ቢሰበር እስከ ፋሲካ የአባትህን ከብት ማን ሊጠብቅ ነው ይሉታል። ሰጠኝ በንዴት አለቀሰ፤ ማኪናው ግን ዳገቱን ብቻውን ወጣ።

ሁሉም እንዲህ ሸጋ ሆኖ አልሄደም። አንዱ በጾም እርጎ ልጠጣ ብሎ ወሰነና ዋስ ቢጠራ ግማሹ ክፍል እጁን አወጣ፤ ተያይዘው ጠጡ። ቄስ ሐብተ ማርያም ነገሩን ሰምተው መቋሚያቸውን እያወዛወዙ መጡ። እንኳየሁ ጉዳዩን በጥሞና አዳመጠና፣ ልጁ በቂ ዋስ ስላቀረበ በእሱ በኩል የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ነገሩ በሰማይ የሚታይ ከሆነም ይግባኝ ማለት እንደሚችሉ ነገራቸው። ቄሱ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ነፍገውታል፤ እሱም ሰላምታው ቀርቶበት የከሳ አይመስልም።

ብቻ አንድ ነገር ሆነ። ልጆቹ ዋስ ፍለጋ ሲዞሩ ማሰብ ጀመሩ። ዋስ የሚሆነው ይጠይቃል፣ የሚጠራው ይመልሳል፣ መሐል ላይ ራሱ ባለጉዳዩ ጭንቅላቱን እያከከ «ተውት በቃ» ብሎ ይቀመጣል። ደወል ሲደወል ሁሉም ይመጣሉ። እንኳየሁ ይህን ሲያይ ሆዱ ውስጥ ሙቅ ነገር ይሰማው ነበር፤ ጠላው ነው ብሎ ያልፈዋል።

ወሩ ጥር ነበር፣ ሾፌሩ ምትኩ ከጎንደር መልእክት ይዞለት መጣ። ምትኩ በዚያ መንገድ እህል የሚያመላልስ ሰው ነው። መልእክቱ ጎንደር ጽሕፈት ቤት ከሚሠራው ከእንኳየሁ የአክስት ልጅ ከወልደኢየሱስ ነው፤ ፒያሳ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት አንድ የመምህር ቦታ ተለቋል፣ ቶሎ በአካል ካልመጣህ ሌላ ሰው ይገባበታል የሚል። እንኳየሁ አላወላወለም። በዓመቱ አጋማሽ ምትክ መምህር እንደማይመጣ ያውቃል። አራተኛ ክፍል እንደሚበተን፣ የተበተነውም ልጅ ከእርሻና ከሙሽርነት እንደማይመለስ ያውቃል። አወቀና ሻንጣውን ሸከፈ።

በማግስቱ ጉንጩን በሻሽ ጠቅልሎ ክፍል ገባ። ጥርሱን እንዳመመው፣ ጎንደር ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሰኞ እንደሚመለስ ተናገረ። ድምፁን እንኳ የታመመ አስመስሎ ነበር። ልጆቹ አዘኑለት። ሰጠኝ ግን ከኋላ ተነሥቶ፣ «የኔታ፣ ዋስዎ ማን ነው?» አለ።

እንኳየሁ ሳቀ። አብሮት የሳቀ የለም። ደንቡ ለልጆች ነው ብሎ ሊያልፈው ሲል ሽታዬ ተነሣች። ሽታዬ የአያ አለነ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የሰውን ፊት ስታይ መስቀለኛ ጥያቄ የምታዘጋጅ የምትመስል። ደንቡ ሲነገር ማንም ሰው አሉን እንጂ ልጅ አላሉንም አለችው። ከውጭ ምትኩ ጡሩምባውን ይነፋል። እንኳየሁ ወደ በሩ አየ። እንግዲያው ዋስ የሚሆነኝ ማን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ማንም ባይሆን ይሻለው ነበር፣ ተቆጥቶ ለመውጣት ይመቸዋል። ሽታዬ አልተቀመጠችም ነበር።

«እኔ ዋስ» አለች።

የሚተወው ሥራ ማስተማር ነው። ጠመኔውን እጇ ላይ አኖረና ዓይኗን ሳያይ ወጣ።

ጎንደር እንደጠበቀው ነበረች። ወልደኢየሱስ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቀው፤ የሚቀረው መፈረም ብቻ ሆነ፣ እሱም ለወሩ መጨረሻ ተቀጠረ። እንኳየሁ ሻሹን ፈትቶ ጫማውን አስጠረገ፣ ፒያሳ ወጣ፣ ማኪያቶውን ያዘ። ሰኞ መጣ፣ ሰኞ አለፈ። ልጅት አንድ ቀን ሞክራ ይሰለቻታል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል ብሎ ራሱን አጽናና። ሲኒማ ገባ። ፊልሙ ምን እንደሆነ ብትጠይቁት አይነግራችሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያው ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሳለ ምትኩ መጥቶ ፊት ለፊቱ ዘጭ አለ። ሳይጠየቅ ያወራ ጀመር። ልጅቷ እያስተማረች ነው። ሰጠኝ ደወል ይደውላል። የቀረ ልጅ የለም። አባቶች ሳይቀሩ በመስኮት ያያሉ፣ አያ አለነማ ችሎት መሄድ ትተው ቆመው ይውላሉ። እሷ ደግሞ የሚያልፈውን ማኪና ሁሉ እያስቆመች፣ ጎንደር ከገባችሁ ለየኔታ ንገሩልኝ ትላለች።

«ምን በል አለችህ?»

«ማካፈልን አስተምሬ ጨርሻለሁ፤ ቀሪ ሲኖር ምን እንደሚደረግ ግን ሳይነግሩን ነው የሄዱ፣ በልልኝ አለችኝ» አለና ምትኩ ትከሻውን ነቀነቀ። «የሒሳብ ነገር ነው መሰለኝ። እኔ አይገባኝም።»

እንኳየሁ ጥርሴንስ አልጠየቀችህም አለው። አልጠየቀችም።

ጧት ጧት ስም ሲጠራ ያልመጣውን ልጅ የሚለው ቀሪ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ብሎታል። ልጅቷ የሒሳቡን ማለቷ ይሁን የሱን፣ የሚታወቀው ድብ ባሕር ወርዶ ሲጠይቋት ብቻ ነው። እንኳየሁ አፈረ። ጆሮው ድረስ ነደደ። ከዚያ ይሳደብ ጀመር፤ የአዲስ አበባውን አሠልጣኝ፣ አያ አለነን፣ ምትኩን፣ መንገዱን የሠራውን ጣሊያን ሁሉንም አዳረሳቸው። ወልደኢየሱስ ነገሩን ሲሰማ ጠበል እንዲገባ መከረው። እንኳየሁ ሳይፈርም ማኪናው ላይ ወጣ።

ሲደርስ ክፍሉ ትምህርት ላይ ነበር። ሽታዬ አየችው፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ ግን አልዞረችም። ክራባቱን እንዳሰረ፣ እንደ አርፋጅ ተማሪ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ጠመኔውን ልትመልስለት መጣች። እንኳየሁ አልተቀበላትም።

«ጥርሴ ደኅና ነበር» አለ ለክፍሉ። «የሄድኩት ላልመለስ ነው።»

ማንም አልተደነቀም። ሽታዬ፣ አውቄ ነበር አለች።

«ካወቅሽ ምነው ዋስ ሆንሽኝ?»

«ዋስ ባያገኙ ምን ይመልስዎት ነበር?» አለችው። ጠመኔውን መዳፉ ላይ አኖረችና ጨመረችበት፤ «ሁለተኛ ግን አልሆንዎትም፣ የኔታ።»

ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠች። እንኳየሁ ልጆቹን አንድ በአንድ አየ። ለመሳቅ እየሞከረ፣ ሌላ ጊዜ ብሄድስ ዋስ የሚሆነኝ ማን ነው አላቸው። እርጎ ጠጪዎቹ ጠረጴዛቸውን ያያሉ። ሰጠኝ ጣሪያውን ያያል። አንድም እጅ አልወጣ። እንኳየሁ በሕይወቱ ብዙ ተሰድቧል፣ ተገርፏል፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ተባሯል፤ እንደዚያች ዝምታ ግን ያመመው ነገር የለም። ዞሮ ሰሌዳው ላይ ጻፈና ቀሪ ሲኖር ምን እንደሚደረግ አስተማራቸው።

ድብ ባሕርን ከዚያም ወዲያ አልወደደውም። ሙቀቱን እንደተሳደበ፣ ዝንቡን እንደተራገመ ፀጉሩ እዚያው ሸበተ፤ የሰጠኝን ታናናሾች ሁሉ አስተማረ። ወልደኢየሱስም ሌላ ቦታ፣ ሌላም ቦታ አግኝቶለት ነበር። ጠላ ቤት ውስጥ ነገር የሚፈልግ ሰው፣ ምነው መምህር፣ ያን ሁሉ ፒያሳ ፒያሳ እያልክ ሳትገባ ቀረህ ይለዋል። ሰዎቹ ሊስቁ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

«ዋስ አጣሁ» ይላል እንኳየሁ። እሱ አይስቅም።