መስከረም አንድ የተወለዱ ልጆች

እናቴ ደብረ ታቦር ገበያ እህል ስትሸምት የጆንያውን አፍ አይታ ገዝታ አታውቅም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ብብቷ ትሰድና ከታች ያለውን ዘግና ታወጣለች። ከላይ ነጭ ጤፍ፣ ከታች ገለባና አፈር የሆነ ጆንያ በዕድሜዋ ብዙ አይታለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ትለኝ ነበር። ከእሷ የወረስኩት ይኸው ጥርጣሬ ነው፤ ባሌም ልጆቼም ይማረሩበታል።

ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞርኩ የመምህራንን ሥራ ስከታተል የኖርኩ ሱፐርቫይዘር ነኝ። አዲሱ የሕፃናት ሕግ መጣና ወረዳዎቹ ለሕጉ መዘጋጀታቸውን የሚያይ ቡድን በዞኑ ሲቋቋም እኔንም ጨመሩኝ። «አንቺን የሚያታልል የለም» አሉኝ። ደስ አለኝ። ሰው በሚመሰገንበት ነገር እንደሚሞኝ ያኔ አላሰብኩትም።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከገሳይ ከተማ ወዲያ ወዳለ አንድ ወረዳ ሄድን። የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው፣ ቀጭንና ትሑት ሰው፣ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። በቀጥታ የወሰደን ሕፃናት ያለ ፍርሃት ቃላቸውን ይሰጡበታል ወደተባለው ክፍል ነበር። ግድግዳው ቢጫ ተቀብቶ ፀሐይና ላም ተስሎበታል። ትንንሽ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ አሻንጉሊት ተቀምጣለች። ግድግዳውን በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ ቢጫ ሆነ። አሻንጉሊቷ ከላስቲኳ አልወጣችም። አንዱን ወንበር ገልብጬ ከሥሩ ባየው የከተማው መዋዕለ ሕፃናት ስም ተጽፎበታል።

«የተውሶ ነው እንዴ?» አልኩት።

«ለጊዜው ነው» አለ ወንበሩን መልሶ እያቆመ።

ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም። ስለ ወንበሮቹ ብቻ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ።

ከዚያ የልደት መዝገቡን አመጣልን። ዋናው ነገር እሱ ነበር። ማን ሕፃን እንደሆነ የሚታወቀው በዕድሜ ነው፤ ዕድሜው ካልታወቀ ሕጉ ማንን ይጠብቃል? መዝገቡ ወፍራም፣ ንጹሕ፣ ጽሕፈቱ ያማረ ነበር። አንድም ባዶ ቦታ የለውም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሾፌሩ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን እንውጣ እያለ ይነዘንዛል። እኔም ሌባ እንደያዘ ሰው ደረቴን ነፍቼ ስለነበር ገጹን ቶሎ ቶሎ እየገለጥኩ በየግርጌው ፈረምኩ። «ታይቷል፤ የተሟላ ነው» ይላል ከፊርማዬ በላይ።

ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ ሄድኩ። የሄድኩት ለወንበሮቹ ነው፤ ይገዛሉ ወይስ አይገዙም የሚለው እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። በመንገዴ ጎራ ካልኩበት ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ወደ ጥግ ሳበችኝ። ከስድስተኛ ክፍል ጎበዟ ተማሪዋ መቅረት ጀምራለች። ለጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ሠርግ ተቆርጦላታል።

ሕጉ አለ፣ ጽሕፈት ቤቱ አለ ብዬ ወደ ኃላፊው ገሰገስኩ። የልጅቱን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ ሳይጨነቅ አወጣልኝ። መስከረም አንድ ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል።

መዝገቡን አስመጣሁና ይህን ጊዜ በደንብ አነበብኩት። በልጅቱ ቀበሌ ያለው ልጅ ሁሉ መስከረም አንድ ነው የተወለደው። ወንዱም ሴቱም፣ ትንሹም ትልቁም። እናቶች ሁሉ ተማክረው በእንቁጣጣሽ ያማጡ ይመስል!

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ዝግጁነት ሊታይ ነው ተብሎ የሰጡን አንድ ሳምንት ነው» አለ ኃላፊው። «ቀኑን የሚያውቅ የለም። ያልታወቀውን መስከረም አንድ አልነው። ዓመቱን አባቶች እንደነገሩን ጻፍን።»

ልጅቱን በዚያው ቢጫ ክፍል አነጋገርኳት። ወንበሮቹ ወደ ባለቤታቸው ተመልሰዋል፤ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዕድሜዋን ጠየቅኳት።

«በወረቀቱ ነው ወይስ በእኔ?» አለችኝ።

«በአንቺ።»

«እኔ እንጃ። የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ሲለወጥ ነው ክርስትና የተነሣሽው ትለኛለች እናቴ።»

በማግሥቱ የደብሩን ቄሰ ገበዝ ፈልጌ አገኘኋቸው። «ይችን ነው? እጄ ላይ አይደል የተጠመቀች!» አሉ። «ቆርቆሮው ሲለወጥ ታቦቱ መቃኞ ውስጥ ነበር፤ ያችው ትንሿ ጊዜያዊ መቅደስ። እናትየዋ በሰማንያ ቀኗ አምጥታ ሰጠችኝ። ውሃው ሲነካት መቃኞውን በጩኸት አናወጠችው።» ቆርቆሮው የተለወጠበት ወርና ዓመት ከበሩ በላይ በቀለም ተጽፏል። ከዘንድሮው ቀነስኩት። አሥራ አራት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷታል።

አባትየው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተጠርቶ መጣ። ጋቢውን አደግድጎ ቆመ፤ ተቀመጥ ብለው እምቢ አለ። «እትዬ፣ እኔ ሕግ ፈርቼ እማድር ሰው ነኝ። አሥራ ስምንት ሳይሞላት አትዳር አሉኝ፤ እሺ አልሁ። ወረቀት አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። አሁን ደሞ አንቱ ወረቀቱ ውሸት ነው ይሉኛል። ማነው ታዲያ የዋሸው?»

ዓመቱን የነገራቸው ራሱ ነው፤ ያንንም ያውቃል፤ እንደማውቅም ያውቃል። አፌን ልከፍት ስል ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ ጣቱን ፊርማዬ ላይ አሳረፈ።

«አንቱ ያን ቀን የጠረጠሩት ወንበሩን ነበር እኮ» አለኝ በትሕትና። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቄሰ ገበዙን ቃል ይዤ ፍርድ ቤት ብሄድም የተፈረመበት መዝገብ በቃል ብቻ አይሻርም ተባልኩ። የፈረምኩት ሳልመረምር መሆኑን በጽሑፍ ማመን ነበረብኝ። አለቃዬን ባማክር «ሪፖርቱ ወደ ክልል ወጥቷል፤ ለራስሽ እወቂበት» አለኝ። ፈራሁ። ስንት መምህር በሐሰት ሪፖርት ያስቀጣሁ ሰው፣ ስለ ራሴ ያን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ ጻፍኩት፦ «ሳላጣራ ነው የፈረምኩት።»

ዳኛው ሠርጉን አገዱ፤ ልደቷም እንዲታረም አዘዙ። ለጠላው ጌሾው ተወቅጦ ነበር፤ አባትየው ዛሬም ሰላም አይለኝም። ልጅቱ ግን ደብተሯን ይዛ ክፍሏ ገባች።

መዝገቡ ሲታረም እንድታይ እሷንም ጠራናት። ኃላፊው አሮጌውን ዓመት ሰርዞ አዲሱን ጻፈ። ስሟን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ፈገግ አለች። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አንዷን አተረፍኩ ብዬ።

ጣቷ ወደ ታች ወረደና ቀጥሎ ያለው ስም ላይ ቆመ።

«ይቺ እኮ ታናሽ እህቴ ናት» አለች። «አምስተኛ ክፍል ነበረች።»

መዝገቡ ስለዚያችኛዋም መስከረም አንድ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ይላል።

«አሁንስ የት ናት?» አልኳት።

«ተዳረች። ለኅዳር ሚካኤል ሳምንት ሲቀረው።»

ኃላፊው ብዕሩን እንደያዘ አየኝ። እኔ የማየው የገጹን ግርጌ ነበር። ለሁለቱም የፈረምኩት አንድ ፊርማ ነው።