ከአዛን በፊት የተዋጡት ክኒኖች

ፖሊሶች ሲይዙኝ ከዳባት ወደ ጎንደር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና እያረምኩ ነበር። ሁላችንንም አስወርደው ሌላው ሲሳፈር እኔን አስቀሩኝ። ጥፋቴን ስጠይቅ «እዚያ ይነገርሃል» አሉኝ። እዚያም ደርሼ የነገረኝ የለም፤ ስምንት ወር ቆይቼ ስወጣም የነገረኝ የለም።

የገባሁበት የማረሚያ ቤት ክፍል የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ከፍ ያለ መስኮትና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተነጠፈ ፍራሽ ነበረው። የእርጥብ ብርድ ልብስና የሽሮ ሽታ ተቀበለኝ። ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ የሆነው እስረኛ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ ጥግ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አሳየኝ። በዚያ በተጨናነቀ ክፍል ቦታው ለምን ባዶ እንደቀረ ጋደም ስል ገባኝ። ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ ያስላሉ።

የዳባት ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እንደኔው በጥርጣሬ የገቡ። ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል፤ መካን ግን ረግጠው አያውቁም። «ስሙ ቀድሞኝ ሄዷል፤ እኔ እከተለዋለሁ» ይላሉ። የባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«ጎሽ! እንግዲያስ ይህን ሳል ተው በልልኝ።»

ሳሉን ተው ያለው እኔ ሳልሆን የማረሚያ ቤቱ ነርስ ነው። አክታቸውን አስመርምሮ ሳንባ ነቀርሳ መሆኑን አወቀ። ዕድሜው እንደኔው በሃያዎቹ ውስጥ ነበር፤ ገና የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ተቀጣሪ። «ማረሚያ ቤት ገባሁ ስላቸው ጓደኞቼ ምን አጥፍተህ ነው ይሉኛል» እያለ ይስቃል። በየማለዳው ሐጂ በክሊኒኩ መስኮት ቆመው ሦስት ቀይ ክኒን ይውጣሉ፤ እሱ «አፍዎን ይክፈቱልኝ» ብሎ ያያል። ክኒን በእስረኛ እጅ አይሰጥም፤ ደንብ ነው። ሳሉ እየቀነሰ ሄደ፤ እኔም ከጎናቸው መተኛት ለመድኩ። ሁለት ወር ሲሞላቸው ረመዳን ገባ።

በመጀመሪያዋ የጾም ቀን ሐጂ እስከ መስኮቱ ሄደው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

«ጀንበር ጠልቃ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ልጄ።»

«ያኔማ እርስዎ ተቆልፎብዎታል፣ እኔ ቤቴ ነኝ።»

«እንግዲያስ ይቅር።»

«ሐጂ፣ ለታመመ ሰው ይፈቀድ የለም እንዴ?»

«ይፈቀዳል። ግን እዚህ ያልተወሰደብኝ ጾሜ ብቻ ነው። እሱን በገዛ እጄ አሳልፌ አልሰጥም።»

ሦስት ቀን እንዲሁ ተሟገቱ። በአራተኛው ቀን ነርሱ እኔን ለቁስል እጥበት አስመስሎ ጠራኝ። ቁስል የለብኝም።

«መምህር፣ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በሽታው ይለምደዋል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያኔ እሳቸውንም ማዳን ይከብዳል፤ እናንተንም ይይዛችኋል።» በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በእጄ አስጨበጠኝ። «ሲውጡ አይተህ ጠዋት ትነግረኛለህ። ከተገኘብህ ግን እንጀራዬ ነው።»

እንዲህ በየጠዋቱ ክኒን እየተቀበልኩ ጾሙን አጋመስነው። በአሥራ አንድ ሰዓት ተቆጥረን ይቆለፍብናል። ሐጂ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ የምታርፈውን ፀሐይ እያዩ ይጠብቃሉ። የመስጊዱ አዛን ከከተማው ሲሰማ ክኒኖቹን በውሃ ይውጡና፣ ሳልጠይቃቸው አፋቸውን ከፍተው ያሳዩኛል። እኔ አፍራለሁ፤ እሳቸው ይስቃሉ።

አንድ ቀን ፀሐይዋ ገና ግድግዳው ላይ እያለች በሩ ተከፈተ። ድንገተኛ ፍተሻ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ፍራሽ መገልበጥ ጀመሩ፤ ሦስተኛው፣ ቁመተ ረጅሙ፣ የጃኬቴን ኪስ ዳበሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«የማን?»

«የሐጂ።»

«ማን ሰጠህ?»

ተማሪ ፊት ቆሜ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ የማስረዳ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ የተገለበጠውን ፍራሽ ማስተካከል ጀመርኩ። ነርሱ ቢባረር እኔ የምኖርበት ኅሊና አይኖረኝም።

«ማን ሰጠህ ነው የምልህ! እንግዲህ ይህን ለኃላፊው ይዤ ነው የምሄደው፤ እዚያ ትናገራለህ።»

ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«እስቲ አሳየኝ፣ ልጄ» አሉ። «ዓይኔ ደክሟል።»

ፖሊሱ ለሽማግሌ እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ሐጂ ሦስቱንም ክኒኖች ለቀም አድርገው «ቢስሚላህ» አሉና አፋቸው ውስጥ ጨመሯቸው። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። የውሃውን ሃይላንድ ሰጠኋቸው። ሁላችንም እያየን ጠጡ። ከዚያ ፖሊሱ ፊት አፋቸውን ወለል አድርገው ከፈቱ።

«ይኸው። የኔ ነበሩ፤ ቦታቸው ገቡ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። ፖሊሱ ባዶ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ወደ ግድግዳው አየ፤ ፀሐይዋ አሁንም አለች። ፊቱ ተለወጠ።

«ሐጂ» አለ፣ «ጀንበር እኮ አልጠለቀችም።»

«አውቃለሁ።»

ወረቀቱን ጨምድዶ ኪሱ ከተተና ጓደኞቹን «በቃ፣ እንሂድ» አላቸው። እነሱ ከወጡ ብዙም ሳይቆይ አዛን ተሰማ። ሐጂ ወደ እኔ ዞረው «ይህችን ታህል ቀርታኝ!» አሉና በጣታቸው ጫፍ አሳዩኝ። ሊስቁ ፈልገው ነበር፤ ዓይናቸው ግን እንባ ሞላ። እኔም አለቀስኩ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩ።

ነርሱ ጠዋት ይህን ከእኔ ሲሰማ ፖሊሱ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። ያን ዕለት ማታ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። አዛን ሲሰማ የበራችን ትንሽ መስኮት ተከፈተች፤ በአንድ በኩል ረጅሙ ፖሊስ፣ በሌላው ክኒን የያዘው ነርስ ቆመዋል። «የበሩን ቁልፍ ልንፈትሽ ነው» አለ ፖሊሱ፣ ማንም ሳይጠይቀው። እስከ ኢድ ድረስ ያ ቁልፍ በየማታው ተፈተሸ።

ከኢድ በኋላ ሐጂ ያጓደሏትን አንድ ቀን በሌላ ቀን ጾመው ቀዷ አወጡ። እኔም አብሬያቸው ጾምኩ። ረቡዕ ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የራሴ ጾም ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለእሳቸው። ሲመሽ አንዲት ተምር ለሁለት ከፍለው ግማሹን ቀድመው ለእኔ ሰጡኝ።

ዛሬ ሁለታችንም ዳባት ነን። ሐጂ ድነው ሱቃቸውን ከፍተዋል፤ እኔም አስተምራለሁ። ሰው ቢሰማኝ ይስቅብኛል እንጂ፣ ያ ክፍል አንዳንዴ ይናፍቀኛል። በየዓመቱ ኢድ ባለፈ በሳምንቱ ሐጂ ስልክ ደውለው «ነገ ነው» ይሉኛል። አምና ሱቃቸው ተቀምጠን ምሽቱን ስንጠብቅ ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«ሐጂ፣ ቀዷው እኮ ያኔ አልቋል።»

«የኔማ አልቋል» አሉ ጨርቅ እያጠፉ። «ይህቺ የልጁ ናት። ያን ቀን ክኒኑን ስውጥ፣ አላህ ሆይ፣ ልጁን ከሥራው አታፈናቅልብኝ፣ በየዓመቱ አንድ ቀን እጾምልሃለሁ ብዬ ተስዬ ነበር።»

ነርሱ ይህን አያውቅም። አሁንም እዚያው ማረሚያ ቤት ነው፤ ሲያገኘኝ ስለ ደመወዙ ያማርራል፣ ሥራውን ልቀቅ ልቀቅ ይለኛል ይላል። እኔ ቡናውን እከፍልለታለሁ።