የአባቴ አክሲዮን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ናሆም፣ ሀይሌ ጋርመንት ካለው ሥራው ሲመለስ፣ ስልኩን እንደያዘ አጠገቤ ተቀመጠ። ሊገዛ ያሰበውን አክሲዮን ሊያሳየኝ ነው።

«እማማ፣ ትርፉን ብቻ ማየት ሞኝነት ነው፤ ለዚያ ትርፍ ምን ያህል ስጋት እንደምትሸከሚ አብሮ ይለካል» አለኝ።

ይህን ነገር ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው ነበር።

ያኔ የምንኖረው መካኒሳ አቦ ነበር። አባቴ አቶ ደምሴ ልብስ ሰፊ ነበር። ጋሽ ተፈራ የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ ወዳጅ ነበረው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ይመጣል፤ እናቴ ያቀረበችለትን ቆጮ በአይብና በጎመን እያጣጣመ አባቴን ስለ አክሲዮን ያስተምረዋል። አንዱ ኩባንያ ዘንድሮ ብዙ አካፍሎ ከርሞ ባዶ እጅ ያስቀራል፤ ሌላው ጥቂት ይሰጣል፣ ግን አያቋርጥም። «ትርፉን ከመዋዠቁ ጋር አመዛዝነው፤ እንቅልፍ የማይነሳህን ያዝ» ይለው ነበር። አባቴም የወረሰውን መሬት ሸጦ የረጋውን ገዛ፣ የአንድ ዘይት ፋብሪካ አክሲዮን። ጋሽ ተፈራም ከዚያው ገዛ። ጥንቃቄ ራሱ ሀብት ይመስለን ነበር።

ደርግ መጣና ፋብሪካውን ወረሰው። አባቴ ሐዘኑን ውጦ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ጋሽ ተፈራ ግን ሰንበት ብሎ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነ።

የመካኒሳ ጭቃ ጫማ በሚያወልቅበት ክረምት ለስብሰባ ተጠራን። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አዳራሹ የረጠበ ጋቢ ይሸታል። ጋሽ ተፈራ ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ አባቴን በስሙ ጠርቶ አስነሳው።

«አክሲዮን ነበረህ?»

«ነበረኝ።»

«የሠራተኛውን ላብ እንዴት እያሰላህ ስትመጥ እንደኖርክ ለሕዝቡ አስረዳ።»

አባቴ ቀና ብሎ አየው። «ያስተማርከኝ አንተ፤ አንተም ነበረህ» ማለት ይችል ነበር። እንደዚያ ቢል ጋሽ ተፈራም፣ የጋሽ ተፈራ ልጆችም አለቀላቸው። እኔ የጋሽ ተፈራን ፊት አየሁ። ምንም ፍርሃት የለበትም።

«ጥፋቴ ነው» አለ አባቴ።

ሰዉ አጨበጨበ። ካጨበጨቡት ብዙዎቹ እሱ የሰፋውን ለብሰዋል።

የስፌት መኪናውን ወረሱት፤ እሱን ወለሉ ውሃ የሚያመነጭ ክፍል ውስጥ አሰሩት። ዝናቡ ሲያባራ ለቀቁት፤ እያሳለ ገባ። እናቴ ለምን እንዳልተናገረ ጠየቀችው።

«ተፈራ ሲለካ አይሳሳትም» አላት። «ከእኔ ምንም እንደማይመጣበት ለክቶ ነው በእኔ የጀመረው።»

ጥምቀትን ሳያይ ሞተ። ጋሽ ተፈራ ለቅሶ መጣ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀመጠ። እናቴ እጁን አስታጥባ ንፍሮ አቀረበችለት። ምን ታድርግ? የስኳርና የስንዴ ራሽናችን የሚወጣው በእሱ ፊርማ ነው። እያንዳንዷን ፍሬ እያላመጠ እስኪጨርስ ቆማ ጠበቀችው።

ናሆም አክሲዮኑን ገዛ። አልከለከልኩትም፤ ስሌቱ ዛሬም ልክ ነው፣ ያኔም ልክ ነበር። አባቴን የገደለው ስሌቱ አይደለም። ደግነቱ የታወቀ ሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው፤ መልሶ እንደማይመታ ይታወቃላ። ናሆም ልቡ የአባቴ ነው። ይህን ልንገረው ወይስ ደግነቱን ልተውለት፣ እስካሁን አልወሰንኩም።