ግማሽ ድምፅ ከፍ

ያን ጊዜ ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖር ነበር። ከቦሌ እስከ መገናኛ ፎቁ፣ ሆቴሉና የሰርግ አዳራሹ እንደ አሸን የፈላበት ዘመን ነው። በየቅዳሜው የሚያገባው ሰው ብዛት ሲታይ ከተማው ውስጥ ላጤ የቀረሁት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኦርጋን መንካት የሚችል ሁሉ ሥራ አያጣም፤ እኔ ግን ጣት እንጂ ኦርጋን አልነበረኝም።

ካርቶኑ ላይ ሲንተሳይዘር ይለዋል፣ ልጆቹ ኪቦርድ ይሉታል፤ ባንድ ውስጥ ያለን ሰዎች ግን ኦርጋን ብለን ነው የለመድነው። ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ አንድ አዲስ አዳራሽ ሲከፈት፣ የቅዳሜ ሰርጎቹን የያዘው ባንድ ኦርጋኒስቱ የራሱን ኦርጋን ተሸክሞ ሌላ ቦታ ሄደበት። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ሳክስፎን የሚነፉት የባንዱ መሪና ዘፋኟ። መሪውን ጋሼ፣ ዘፋኟን እትዬ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፤ ሁለቱም እኔ ሳልወለድ መድረክ ላይ የወጡ ናቸውና ከአንቱታ አልወጣም። ድራሙም ቤዙም ማሲንቆውም ከኦርጋኑ ስለሚወጣ ሦስተኛዋ ወንበር ቀላል ወንበር አልነበረችም።

ጋሼ ሁለት ጊዜ ካስጫወቱኝ በኋላ፣ "እስከ መጀመሪያው ሰርግ እንይህ። ኦርጋኑን ባንዱ ይገዛል፣ አንተ ትመርጣለህ" አሉኝ።

ያቺን ወንበር ከልቤ ፈልጌያት ነበር። ስፈራ ግን የፈራሁት ሰርጉን ሳይሆን መምረጡን ነው።

ምክንያቱን ልናገር። ኦርጋን የተማርኩት ቀበሌ ኪነት ውስጥ ነው፤ አሮጌው ኦርጋን ነጭ ቁልፎቹ ግማሾቹ ተሰብረው፣ ግማሾቹ አንዴ ከተጫኗቸው የማይመለሱ ነበሩ። ጥቁሮቹ ደህና ነበሩ። አምስቱ ጥቁሮች ደግሞ ብቻቸውን ሙሉ ትዝታ ናቸው፤ ለሌላው ቅኝት ከነጮቹ አንድ ሁለት ጎረቤት እበደራለሁ። እንዲህ እያልኩ አደግኩ። ከመገናኛ ገርጂ ብቻ እንደሚመላለስ የታክሲ ሾፌር፣ በዚያች መስመር ላይ ማንም አይቀድመኝም፤ ከመስመሯ ካስወጡኝ ግን መንገድ ጠያቂ ነኝ።

ዘፋኝ "ከፍ አድርግልኝ" ወይም "ዝቅ አድርግልኝ" ስትል የሚያድነኝ ትራንስፖዘር ነበር። ትራንስፖዘር ማለት አንዴ ነካ ሲያደርጉት የኦርጋኑን ድምፅ በሙሉ ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ ነው። ጣቴ ከጥቁሮቹ ሳይወርድ ዘፋኟ የፈለገችበት ትደርሳለች። ይህን ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈልግም ነበር። የተማሩት ተጫዋቾች በአሥራ ሁለቱም ቦታ የሚጫወቱ፣ እኔ ብቻ በቁልፍ የማታልል ይመስለኝ ነበር።

የምንገዛ ቀን ሦስታችንም ቦሌ መንገድ ላይ ካለ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ገባን። ከዚያ በፊት የሰበሰብኩት ምክር ለአሥር ኦርጋን ይበቃ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ ዋሽንቱን ስማ፣ ዋሽንቱ ፉጨት ከሆነ ተወው ብሎኛል። ሌላው በስተግራ ያለችውን ድምፅ ማጠፊያ ጎማ ደጋግመህ ሞክር፣ ማሲንቆ ያለእሷ አያለቅስም ብሎኛል። ሦስተኛው በሚኒባስ የምትሄድ ከሆነ ርዝመቱን ለካ፣ ወያላው የሁለት ሰው ያስከፍልሃል አለኝ፤ ይሄኛው ምክር የሁሉም አባት ነበር።

ጋሼ ጡሩምባውን እንጂ ሌላውን አይሰሙም። ዕድሜያቸውን በሙሉ አጠገባቸው የሚነፋ ሰው ሲመኙ ኖረው፣ አንዱ ትልቅ ኦርጋን ሦስት ጡሩምባ ባንዴ ሲያሰማቸው ዓይናቸው በራ። እትዬ ደግሞ እጃቸውን አጣምረው ቆመው፣ "የሚጮህብኝን አልፈልግም። እኔ ሳወራ ዝም የሚል ምረጡልኝ" አሉ። ሻጩ ልጅ ስድስት መቶ ድምፅ አለው እያለ ይምላል።

እኔ ዓይኔ የሚፈልገው አንዲት ቁልፍ ነበር። በዚያ ትልቅ ኦርጋን ላይ ከዳር እስከ ዳር ፈለግኳት፤ የለችም። "ትራንስፖዘሩ የት ነው?" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አራት ቃል አይሞላም። ጋሼ ግን ከኋላዬ ቆመዋል። ስለዚህ የማያስፈልገኝን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ስንት ሪትም ይይዛል አልኩ፣ ቁልፉ ለምን ከበደ አልኩ፣ ጎማዋን እንደ ሊቅ አሽከረከርኳት። ጋሼ ይህን ሁሉ እያዩ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁና "በቃ እሱን ጠቅልልልን" አሉ። 

ቤት ወስጄ መመሪያውን ሳገላብጥ ትራንስፖዘሩን አገኘሁት። ያለው ስክሪኑ ውስጥ፣ አምስት ገጽ ተኪዶ ነው። ደግሞም ኦርጋኑ በጠፋ ቁጥር ወደ ዜሮ ይመለሳል። አምስቱን ቁልፎች በቅደም ተከተላቸው ዓይኔን ጨፍኜ እስክጫናቸው ድረስ ሳምንት ሙሉ አጠናኋቸው፤ ለማትሪክ እንኳ እንዲያ አላጠናሁም።

ልምምድ ላይ ታዲያ የእትዬ ድምፅ ከእኔ ጥቁሮች ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚል ሆኖ ተገኘ። ከጥቁሮቹ ጎን ያለው ሶል ነው የሚመቻቸው። ግማሽ ድምፅ ብቻ መሆኑም ተመስገን ነው ብዬ፣ በየልምምዱ አጎንብሼ ገመድ የማስተካክል መስዬ አምስቷን ቁልፍ እጫናለሁ። ጋሼ አንድ ቀን "ይሄ ገመድ ምን ሆኗል?" ብለው ጠየቁኝ። "አዲስ ስለሆነ ነው" አልኳቸው።

የመጀመሪያው ሰርግ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰው፣ እትዬ የመግቢያውን ዘፈን አንስተው፣ እኔም ገመዴን አስተካክዬ ሪትሙን ለቅቄ፣ ነገሩ ሁሉ እንደ ቅቤ እየሄደ ሳለ መብራት ጠፋ።

ኦርጋኑ ሲሞት ድራሙም ቤዙም አብረው ሞቱ። እትዬ ግን አላቆሙም። ያለ ማይክ፣ በዚያው በጀመሩበት ቦታ ቀጠሉ፤ ጋሼ በሳክስፎናቸው ሥር ሥር ገቡላቸው፤ እንግዳው ተነስቶ በጭብጨባ ተቀበላቸው። ሙሽራዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ትስቃለች። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ኦርጋኔም በራ። ጋሼ በዓይናቸው "ግባ!" አሉኝ።

ዜሮ ላይ ነው ያለው። በለመድኩት ጥቁር ብገባ ከእትዬ በግማሽ ድምፅ ብቻ እርቃለሁ፤ በሙዚቃ ደግሞ ከዚያ የከፋ ርቀት የለም፤ ሰፊ ርቀት ጆሮ ይታገሳል፣ ግማሽ ድምፅ ግን ጥርስ ያፋጫል። አምስቷን ቁልፎች ጀመርኳቸው። ሦስተኛዋ ላይ ሌላ ነገር ነካሁ መሰለኝ፣ አይቼው የማላውቀው ገጽ ወጥቶ በእንግሊዝኛ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነበርኩም።

እጄን ከስክሪኑ አነሳሁት። ጆሮዬን ለእትዬ ሰጥቼ በአንድ ጣት ሶልን ነካሁ። ልክ ነው። እሷን ይዤ ቆየሁ። ቀጥሎ ላይኛዋን ፈለግኩ፣ አገኘኋት። እሳቸው ሲወጡ እወጣለሁ፣ ሲመለሱ እመለሳለሁ፤ ያልገባኝ ቦታ ላይ እጄን አንስቼ ዝም እላለሁ። ነጮቹ ላይ ስሄድ የሰው ቤት ገብቼ በጨለማ ወንበር የምፈልግ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። ዘፈኑ ግን አለቀ፤ ሙሽሮቹም ቦታቸው ተቀመጡ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ለእኛ ዘግይቶ የመጣውን ምሳ ስንበላ መደበቁ ሰለቸኝ። ሊያባርሩኝም ከሆነ ያባርሩኝ ብዬ ለጋሼ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጥቁሮቹን፣ ገመዱን፣ ሱቅ ውስጥ መጠየቅ ያፈርኩትን። ጋሼ ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ።

"አንተ! እኔ ያንን ትልቁን የገዛሁት እኮ አንተን አይቼ ነው" አሉኝ። "ኦርጋን ሊገዛ ገብቶ መጀመሪያ ትራንስፖዘሩን የማይጠይቅ ተጫዋች በዕድሜዬ አላየሁም። ሁሉም የሚጠይቁት እሱን ነው። ይሄ ልጅ ሳይጠይቅ ከቀረ የማያስፈልገው ሊቅ ነው ብዬ ኮራሁብህ።"

ያንን ሁሉ ሳምንት የተሰቃየሁት ሁሉም በሚያደርገው ነገር አፍሬ መሆኑ ገባኝ። እኔም ሳቅኩ።

እትዬ ግን አልሳቁም። ሳህናቸውን ገፋ አድርገው፣ "ታዲያ መብራት ከመጣ በኋላ በምን ተጫወትክ?" አሉኝ።

"እርስዎን እያዳመጥኩ ነዋ" አልኳቸው።

 "ስንት ኦርጋኒስት ከኋላዬ ተቀምጦ ሄደ" አሉ። "ሁሉም ቁልፋቸውን ተጭነው የሚመጥነኝ ቦታ ያስቀምጡኝና ዓይናቸውን እንግዳው ላይ ይጥላሉ። እየሰማ የሚከተለኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቷል።"

ከዚያ ሳህናቸውን መልሰው ወደ ራሳቸው እየሳቡ፣ "የመጪው ቅዳሜ ሰርግ በስምንት ሰዓት ነው፤ እንዳታረፍድብኝ" አሉኝ።