ወሰንየለሽ የጠየቀችውና ያልጠየቀችው

ወሰንየለሽ ሰው የምትመዝነው በዘሩ ነው። የሷ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ መንዝ ውስጥ ድሮ ርስት የተያዘው፣ ዛሬም ጋብቻ የሚፈቀደው አያት ቅድመ አያት ተቆጥሮ ነው። እሷ ግን አበዛችው። ዘመሮ ገበያ ላይ በግ ስትገዛ እንኳ ሻጩን «የማን ልጅ ነህ?» ሳትል ዋጋ አትጠይቅም።

ደርግ ወድቆ ዓመታት ካለፉ በኋላ ገሠሠ የሚባል ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ ከአዲስ አበባ መጣና ዘመሮ ላይ ክፍል ተከራየ። «የአእምሮ ሐኪም ነኝ» አለ። የወሰንየለሽ አንድያ ልጅ የምሥራች ያን ጊዜ ማንም የማይሰማው ድምፅ እየሰማች፣ ከገብስ አጨዳ መሀል ማጭዷን ጥላ ትሮጥ ነበር። ጠበል ጥቂት አሽሏት እንደገና አገረሸባት። እናትየው ያቺን ልጅ ወደ ልቧ የሚመልስላት ሰው ብቻ ነበር የምትሻው።

እንደ ልማዷ ጠየቀችው። «የማን ልጅ ነህ?»

«የገብረየሱስ፣ እትዬ። ገብረየሱስ የኪዳነ ወልድ...»

ሳይጨርስ አቅፋ ሳመችው። ኪዳነ ወልድ የአያቷ ወንድም ነበሩ! የት ተማርክ፣ ማን ፈቀደልህ የሚባለው ለእንግዳ እንጂ ለሥጋ ዘመድ ነው እንዴ? ገሠሠ የሰጣትን ክኒን ጠዋት ማታ ልጇን በእጇ ታስውጣት ጀመር። ልጅቷ «እማዬ፣ ምላሴን ያስረኛል፣ ይቅርብኝ» ብትላትም፣ «ዋጪ! ወንድምሽ ነው የሰጠሽ» ትላት ነበር። ጎረቤቱንም «ሂዱ፣ የኔው ነው» እያለች ላከችለት።

አንድ ቀን የምሥራች አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ መንጋጋዋ ተቆልፎ ቀረ። በቃሬዛ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን አደረሷት። ሰለሞን የሚባል የአእምሮ ሕክምና ነርስ መርፌ ወግቶ አንገቷን ካላላላት በኋላ እናቲቱ ይዛ የመጣችውን ክኒን አገላብጦ አየና፣ ያቆለመማት እሱ መሆኑን ነገራት።

«እናቴ፣ ይህን ያዘዘውን ሰው የሙያ ፈቃዱን አይተዋል?»

«ዘሩን አውቃለሁ።»

ነርሱ አልሳቀም። ወደ ጤና ቢሮ ደወለ፤ በዚያ ስም የተመዘገበ ባለሙያ የለም ተባለ። ቆይቶ እንደተሰማው ገሠሠ አዲስ አበባ የመድኃኒት መደብር ዘበኛ ነበር።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ወሰንየለሽ ተመልሳ በገሠሠ በር ላይ ቆመችና፣ «እንዴት በልጄ? እንዴት በገዛ ሥጋህ?» አለችው።

«እትዬ፣ ስለ ዘሬ መች ዋሸሁዎት?» አላት።

ከስድብ ይልቅ ይህ አቃጠላት፤ እውነቱን ነበርና። ሽማግሌዎች «ሥጋሽን አሳልፈሽ አትስጪ» እያሉ ቢለምኗትም አሻፈረኝ ብላ ከሰሰችው። ክፍሉ ታሸገ።

ሰለሞንን ግን መድኃኒት ከመቀበሏ በፊት «ፈቃድህን አሳየኝ» አለችው። ሳይቀየም አሳያት፤ ማንበብ ስለማትችል እሱ አነበበላት፣ እሷም ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። ቤቷ ገብታ አዲሱን ክኒን ከውኃ ጋር ስታቀርብ የምሥራች ከንፈሯን ገጠመች።

«ይሄኛው እውነተኛ ነው፣ የኔ ልጅ። ፈቃዱን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ያንንም ያስዋጥሽኝ አንቺ ነሽ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።